የድሮ ጌም ዲስክ ፍለጋ፦ ከጎንደር ቡፌዎች የተማርኩት

ዲስኩ የተገኘው ከቡፌ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከሠርግ አልበም ሥር፣ ከድሮ የመብራት ደረሰኞች ጋር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ከምናውቀው ፍሎፒ ይጠባል፣ ግን ይወፍራል። ሲይዙት ጠንካራ ነው፤ እንደ ካሴት ክብደት አለው። ጥግ ላይ «ሲኤፍ 2» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ የ3 ኢንች ዲስክ ምልክት ነው። ያንን ጽሑፍ ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ቡፌውን የከፈቱልኝ እትዬ ግን ገርሟቸው፣ «ይኼ ነው እንዴ? እኔ እኮ የራዲዮ ዕቃ መስሎኝ ልጥለው ነበር» አሉ።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ቀን ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። ማታና እሑድ ግን የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለቤት ኮምፒውተር ያወጧቸውን ጌሞች፣ በተለይ በዲስክ የወጡትን፣ እፈልጋለሁ። ይህን ስል «ጎንደር ውስጥ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። አዎ፣ ጎንደር ውስጥ። ከማይታሰብ ቤት ይወጣል። እንዴት እንደምፈልግ ልንገራችሁ፤ በሌላ ከተማ ያላችሁም ትጠቀሙበታላችሁ።

ልክፍቱ የጀመረኝ በልጅነቴ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ መምህር፣ እኛ ልጆቹ ጋሼ የምንላቸው፣ በ1979 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ አምስትራድ ሲፒሲ 6128 ይዘው መጡ። 128 ኪሎባይት ሜሞሪ ያለው፣ ዲስክ ማንበቢያው ከኪቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራ ኮምፒውተር ነው። ስክሪኑ አረንጓዴ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ማታ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን አንድ የሚበር ጠንቋይ እናያለን። ጓደኞቹን ከእስር ያስፈታል፣ ጎራዴና መጥረቢያ ያነሳል፣ ወንዝ ውስጥ ከወደቀ አለቀለት። መብራት የሄደ ቀን እናለቅስ ነበር። የጌሙን ስም ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ሶርሰሪ ፕላስ ይባላል።

ለምን ዲስኩ?

«ጌሙ ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የለ? ምን ያደክምሻል?» ይሉኛል። የሞላው ካሴቱ ነው። ያኔ አውሮፓ ውስጥ፣ በተለይ እንግሊዝ አገር፣ ጌም የሚሸጠው በአብዛኛው ልክ እንደ ዘፈን በካሴት ነበር። ዲስክ ማንበቢያ ውድ ነው፤ ዲስኩም ውድ ነው። የአምስትራድ ጌም በካሴት 9 ፓውንድ አካባቢ ከተሸጠ በዲስክ ወደ 15 ፓውንድ ይጠጋ ነበር። ስለዚህ አሳታሚዎቹ በዲስክ የሚያወጡት ጥቂት ነበር። ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለው የእንግሊዝ የቤት ኮምፒውተር በ1982 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጭራሽ ዲስክ አልነበረውም። ዲስክ ማንበቢያ የተገጠመለት ስፔክትረም ፕላስ 3 የመጣው በ1987 ነው። ያን ጊዜ ሰዉ ካሴት ለምዶ ጨርሷል። ለፕላስ 3 በዲስክ የወጡ ጌሞች ዛሬ እንደ ወርቅ የሚፈለጉት ለዚህ ነው።

አሜሪካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። እዚያ አፕል 2ም ሆነ ኮሞዶር 64 ለተባሉት የቤት ኮምፒውተሮች ዲስክ የተለመደ ነበር። አንድ ጌም በአሜሪካ ዲስኩ በየቦታው ሆኖ፣ የእንግሊዙ ዲስክ ግን የማይገኝ ሊሆን ይችላል። «ይህ ጌም ብርቅ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን መልስ የለውም። የየትኛው ማሽን? የየትኛው አገር? ብላችሁ ጠይቁ።

ደግሞ ይዘቱ ራሱ ይለያያል። ኢሊት የተባለው የጠፈር ንግድ ጌም በ1984 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ማይክሮ ለተባለው የእንግሊዝ ኮምፒውተር ሲወጣ፣ በካሴቱ ላይ ያልነበሩ ተልዕኮዎችና መንኮራኩሮች በዲስኩ ላይ ነበሩ። ዲስክ ጌሙ እየሄደ ተጨማሪ ነገር ከላዩ መጫን ስለሚያስችል ነው። የእኛ የልጅነት ሶርሰሪ ፕላስም በአምስትራድ የወጣው በዲስክ ብቻ ነው፤ ከካሴቱ ሶርሰሪ የበለጡ ክፍሎች አሉት። ካሴቱን ያገኘ ሰው ሙሉውን አላገኘም ማለት ነው።

ማሽኑን ያመጣውን ሰው ፈልጉ

ዋናው ምክሬ ይህ ነው። ጌሙን አትፈልጉ። ማሽኑን ተሸክሞ የመጣውን ሰው ፈልጉ፤ ዲስኩ ከሱ ጋር ይመጣል። እኛ አገር የቤት ኮምፒውተር በሱቅ አልገባም። በሻንጣ ነው የገባው። ሻንጣው ከየት እንደመጣ ካወቃችሁ ውስጡ ምን ሊኖር እንደሚችል ግማሹን ታውቃላችሁ።

እንግሊዝ የተማረ ሰው ቤት ከሆነ አምስትራድ፣ ስፔክትረም፣ ቢቢሲ ማይክሮ አስቡ። እነዚህ እዚህም ይሠራሉ፤ የእንግሊዝ መብራት ከኛው ጋር ስለሚቀራረብ ሶኬቱን ብቻ መቀየር ይበቃል። አሜሪካ የነበረ ከሆነ ኮሞዶር ወይም አፕል ነው። የአሜሪካ ማሽን 110 ቮልት ነው። እዚህ መጥቶ በቀጥታ 220 ላይ የተሰካ ማሽን በዚያው ቀን ይቃጠላል። ያኔ ማሽኑ ይጣልና ዲስኮቹ ሳይነኩ ይቀመጣሉ። እንዲህ ዓይነት ቤት ሁለት ገጥሞኛል፤ ዲስኮቹ አዲስ ነበሩ። ልብ በሉ፣ የአሜሪካ ኮሞዶር ጌም በአውሮፓው ኮሞዶር ላይ በትክክል ላይሄድ ይችላል። የቴሌቪዥን ሥርዓታቸው ስለሚለያይ የጌሙ ፍጥነት ይዛባል። አልሠራም ብላችሁ «ተበላሽቷል» አትበሉ።

ሦስተኛው መንገድ የሶቪየት ኅብረት ነው። በደርግ ጊዜ እዚያ ተልኮ የተማረ ሰው በየሰፈሩ አለ። እዚያ የስፔክትረም ቅጂ ማሽኖች በብዛት ይገጣጠሙ ነበር። ቤታ ዲስክ የሚባል መገጣጠሚያ ተጨምሮላቸው በ5.25 ኢንች ፍሎፒ ይሠሩ ነበር፤ ሥርዓቱ ቲአር-ዶስ ይባላል። እንግሊዝ አገር በካሴት ብቻ የወጡ ጌሞችን እነዚያ ሰዎች በእጃቸው ወደ ዲስክ አዛውረዋል። አሳታሚው ያወጣው ዲስክ አይደለም። እኔ ግን እሰበስበዋለሁ። አንድ ሰው ሌሊት ቁጭ ብሎ የሠራው ሥራ ነው፤ አንዳንዱ ቅጂ ሌላ ቦታ የለም።

አራተኛው ቢሮ ነው። ኮሌጆችና የእርዳታ ድርጅቶች አይቢኤም መሰል ኮምፒውተሮች ነበሯቸው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጡ የአይቢኤም ጌሞች ብዙዎቹ ዶስ (የያኔው ኮምፒውተር የሚሠራበት ሥርዓት) አይፈልጉም፤ ዲስኩን ከትቶ ማሽኑን ማብራት ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ በዶስ ብትከፍቱት ባዶ ወይም የተበላሸ ይመስላል። ስንቱ ጸሐፊ «ባዶ ነው» ብሎ ፎርማት አድርጎታል! ባዶ የሚመስል ዲስክ አትጣሉ፤ ፎርማትም አታድርጉ።

እንዴት ይጠየቃል

ይህኛው ክፍል ከቴክኒኩ ይበልጣል። ሰው ቤት ገብቶ «የጌም ዲስክ አለዎት?» ማለት ዋጋ የለውም። የለም ይሏችኋል። ዕቃውን በዚያ ስም አያውቁትማ። የጋሼ ባለቤት ዘንድ ስሄድ የሆነውን ላጫውታችሁ።

ጋሼ ካረፉ ቆይቷል። እትዬ ሰፈር ቀይረው አዘዞ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። አድራሻቸውን ያገኘሁት የድሮ ዕድራቸውን ጸሐፊ ጠይቄ ነው። (ዕድር ጠይቁ። ማን የት እንደገባ ከዕድር በላይ የሚያውቅ የለም።) ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያ ቀን ስለ ዲስክ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ስለ ልጅነታችን አወራን። እሳቸው ቆሎ ሲያቀርቡልን የነበረውን፣ ጋሼ «ተራ በተራ!» ሲሉ የነበረውን። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ፣

«እትዬ፣ ጋሼ ያ የሚጽፉበት ማሽን የት ገባ?» አልኳቸው።

«እሱማ ተበላሽቶ ልጆቹ ለልዋጭ ሰጡት።»

«ከሱ ጋር ካሴት የሚመስሉ፣ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር ነገሮች ነበሩ፤ ጋሼ በጣት ይዘው ጎኑ ላይ የሚከቱት…»

ዝም አሉ። ከዚያ «ቆይ እስቲ» ብለው ተነሱ።

አያችሁ፣ «ዲስክ» አላልኩም። ሰውየው በእጁ ሲያደርገው የነበረውን ነው የነገርኳቸው። ሰው ቃሉን ባያውቅ እንቅስቃሴውን ያስታውሳል። እኔ አሁን የሦስቱንም ዓይነት ዲስክ ፎቶ በትክክለኛ መጠናቸው አትሜ ይዤ ነው የምዞረው፤ የ3 ኢንቹን፣ የ3.5ቱን፣ የ5.25ቱን። የስልክ ስክሪን ላይ ማሳየት አይበቃም፤ መጠኑ ነው የሚያስታውሳቸው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ሐዘን ቤት ከአርባው በፊት ለዕቃ አትሂዱ። ነውር ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ገንዘብ ቀድማችሁ አትጥሩ። ገንዘብ ሲጠራ ዕቃው ወዲያው ወርቅ ይሆናል፤ የወንድም ልጅ ይጠራል፣ ነገር ይበላሻል። «ላንብበውና ልመልስ» በሉ። እውነትም መልሱ።

ስለ ቢሮዎች አጭር ልበል። ያገለገሉ ዕቃዎች ጨረታ ማስታወቂያ በር ላይ ሲለጠፍ አንብቡ። ጨረታውን የሚያሸንፈው ጠረጴዛውንና መደርደሪያውን ፈልጎ ነው። ሄዳችሁ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ብቻ ስጡኝ ብትሉት ደስ ይለዋል። ከንብረት ክፍል ሠራተኞች ጋር መተዋወቅም ጥሩ ነው። አንድ ቢሮ ግቢ ውስጥ አራት ማዳበሪያ ሙሉ ፍሎፒ እንዳለ ሰምቼ በሁለተኛው ቀን ደረስኩ። አቃጥለውታል። አመዱ መሀል የቀለጠ ፕላስቲክና የዲስኮቹ መሀል ብረት ቀርቶ አየሁ። ዛሬም ያንን ቦታ ሳልፍ ሆዴ ይባባል። እና የሰማችሁ ዕለት ሂዱ።

ለቆራሌውና ቅዳሜ ገበያ አሮጌ ዕቃ ለሚነግዱትም ያንን ፎቶ ስጧቸው፤ ስልካችሁን ከጀርባው ጻፉበት። ፕላስቲክ በኪሎ ከሚያወጣው የተሻለ ክፈሏቸው። ከሦስቱ አንዱ ይደውላል።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ እዚያ አስፈልጉ። የጌሙን ስም ጽፎ የሚፈልግ ሰው ከሰብሳቢ ሁሉ ጋር ይሻማል፤ ዋጋውም ሰማይ ነው። «ያገለገሉ የ3 ኢንች ዲስኮች፣ 20 ፍሬ» ብሎ የሚሸጠውን ፈልጉ። ሻጩ እንደ ባዶ ዲስክ ነው የሚሸጠው። መሀላቸው የታተመ ሌብል ያለው ካለ ፎቶው ላይ አጉልታችሁ ታዩታላችሁ። የሁለቱንም ገጽ ፎቶ ጠይቁ። «ተሞክሯል ወይ? በምን ማሽን?» በሉ። ዘመዳችሁ ሲመጣ በእጅ ሻንጣው ይያዘው። የኤርፖርቱ ኤክስሬይ ዲስክ አይጎዳም፤ ዲስክ የሚጎዳው ማግኔት ነው።

ዋናው ነው ወይስ ቅጂ?

ሌብሉ በማተሚያ ቤት የታተመ መሆኑን እዩ። የአሳታሚው አርማ፣ የዓመተ ምሕረቱ መስመር፣ የካታሎግ ቁጥሩ ይኑር። ካታሎግ ቁጥሩ ትልቅ ነገር ነው፤ የካሴቱና የዲስኩ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ይለያያል። ለካሴቱና ለዲስኩ አንድ ዓይነት ሽፋን አትመው፣ በዲስኩ ላይ ትንሽ ተለጣፊ ብቻ የጨመሩም ነበሩ። ያችን ተለጣፊ እንዳትልጧት። የዋጋ ወረቀትም አትላጡ፤ የት አገር፣ የት ሱቅ እንደተሸጠ የምትናገረው እሷ ናት።

ማሸጊያው አያሳፍራችሁ። ሚስትሪ ሀውስ፣ ኬንና ሮበርታ ዊልያምስ በ1980 እ.ኤ.አ. ለአፕል 2 ያወጡት ጌም፣ መጀመሪያ የተሸጠው በላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ከአንዲት ኮፒ የተደረገች ወረቀት ጋር ነው። የዚያ ዘመን ጌም ብዙው እንዲያ ነበር። ኮፒ ቤት ስላለኝ ይህ ነገር ልቤን ይነካዋል። አንድ ቀን ዲስክ በላስቲክ ከነወረቀቱ ካገኛችሁ፣ ወረቀቱን «ኮፒ ነው» ብላችሁ እንዳትለዩት።

በእስክሪብቶ የተጻፈበትንም አትናቁ። ዋናው የጠፋ ጌም በቅጂ ብቻ ተርፎ ይገኛል። ሰው ባልጠበቀው ካርቶን ውስጥ ትልቅ ነገር ይቀመጣል። ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ የተባለው ጌም ደራሲ ጆርዳን ሜክነር የአፕል 2 ኮዱ ጠፍቶበት ለዓመታት ሲፈልግ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. አባቱ አሮጌ ካርቶን ውስጥ ዲስኮቹን አገኙለት። በባለሙያዎች እርዳታ ተነበቡ። ከ20 ዓመት በላይ ቆይተው ነበር።

ከመክተታችሁ በፊት

እዚህ ላይ አንብቡኝ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህ ይሁን።

የጎንደር ክረምት ታውቁታላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ራሱ ያልባል። ከኮርኒስ ሥር፣ ከአልጋ ሥር የተቀመጠ ዲስክ ይሻግታል። ሻጋታው ሁልጊዜ ከላይ አይታይም። ዲስኩ ውስጥ፣ ቡናማው ገጽ ላይ ነው የሚበቅለው። በ5.25ቱ ላይ መሀሉን በጣት ቀስ አድርጋችሁ አዙሩና በሞላላዋ መስኮት ተመልከቱ። በ3 ኢንቹና በ3.5ቱ ላይ የብረት መዝጊያውን ገፋ አድርጋችሁ በባትሪ መብራት በጎን እዩ። ነጭ ነጠብጣብ፣ ወይም በረዶ የመሰለ ጭጋግ ካያችሁ ሻጋታ ነው።

የሻገተ ዲስክ ከተከተተ ሄዱ (ዲስኩን እየነካ የሚያነበው ጫፍ) ሻጋታውን ይፍቃል፤ ሻጋታው ደግሞ የማግኔት ቀለሙን ይዞ ይነሳል። መረጃው ያለው በዚያ ቀለም ላይ ነው። የተላጠ አይመለስም። መጀመሪያ ያገኘኋቸው አምስት ዲስኮች ላይ ይህ ደረሰብኝ። ቸኮልኩ። የመጀመሪያው ሲገባ ጩኸት ሰማሁ፤ ሲጢጥ የሚል ድምፅ። አወጣሁትና ሁለተኛውን ከተትኩ። የመጀመሪያው ሻጋታ ሄዱ ላይ ተጣብቆ ሁለተኛውንም ፋቀው። ሁለት ዲስክ በሁለት ደቂቃ። አንዱ ላይ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሌብሉ ተበልቶ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ዲስኩን መጀመሪያ ለጥቂት ቀን ደረቅ ቦታ አሳርፉት። በጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አጠራቅሙ፤ ጥሩ ትሠራለች። ሻጋታ ካለው ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ ነክራችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ዲስኩን እያዞራችሁ በመስኮቱ በኩል ጥረጉ። ሳኒታይዘር አይሆንም፤ የሚጣበቅ ነገር አለበት። አረቄም አይሆንም። ከያንዳንዱ ዲስክ በኋላ ሄዱን አጽዱ። እና ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚከተተው ብትጥሉት የማይቆጫችሁ ዲስክ ነው። ማሽኑ እሱን ካልበላ ቀጥሉ።

ማሽኑ በስህተት እንዳይጽፍበት መጻፊያውንም ቆልፉ። በ3ቱና በ3.5ቱ ላይ ቀዳዳዋ ስትከፈት ዲስኩ ይቆለፋል። በ5.25ቱ ላይ ግን ተቃራኒ ነው፤ የጎኑ ጎድጓዳ ሲሸፈን ነው የሚቆለፈው። ጥቁር ፕላስተር ይበቃል።

ማንበብ

የ3 ኢንች ድራይቭ፣ ማለትም ዲስክ ማንበቢያው፣ አንድ ዓመል አለው። ውስጡ የጎማ ቺንጋ ነው፤ በዘመን ብዛት ይላላል ወይ እንደ ማስቲካ ይቀልጣል። ብዙ ሰው «ድራይቩ ሞቷል» የሚለው ቺንጋው ሞቶ ነው። እኔ ፒያሳ ቴፕ የሚጠግኑ አባት ዘንድ ወስጄ፣ ከአሮጌ ቴፕ ቺንጋ መርጠው ልኩን አገኙልኝ። አሮጌው የተወውን ጥቁር ዝቃጭ በአልኮል አጽድተው፣ በካቻቢቴ ጫፍ አዲሱን ሲያስገቡ «ይሄ እኮ ከቴፕ አይለይም» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ማሽኑን ሙሉውን ካገኛችሁ ስክሪኑን አብራችሁ ያዙ። ሲፒሲ 6128 መብራት የሚያገኘው ከስክሪኑ ነው፤ 5 እና 12 ቮልት። ስክሪኑ ከጠፋ ማሽኑ ዲዳ ነው። ድራይቩን ብቻ አውጥታችሁ ከዛሬ ኮምፒውተር ጋር የምታገናኙ ከሆነ ደግሞ መብራቱን ሳትለኩ አትስኩ! በአምስትራድ ድራይቭ ላይ የ5ቱና የ12ቱ ቮልት ቦታ ከተለመደው የተገለበጠ ነው። በልማድ የሰካ ሰው ድራይቩን በአንድ ሰከንድ ያቃጥለዋል። ቴስተር ያዙ።

ለማንበብ ግሪስዊዝል የምትባል ትንሽ ቦርድ አለች። ኪር ፍሬዘር የሠራት ናት፤ ዲዛይኗም ለሁሉ ክፍት ነው። በዩኤስቢ ትሰካለች። የኔን የእህቴ ልጅ ነው ከውጭ ያመጣልኝ። የሷ ጥቅም ፋይል መቅዳት አይደለም፤ ዲስኩ ላይ ያለውን የማግኔት ለውጥ እንዳለ ትመዘግባለች። ለምን ያስፈልጋል? የዚያ ዘመን አሳታሚዎች ጌሙ እንዳይቀዳ ሆን ብለው ስህተት ይጨምሩበት ነበር። የተበላሸ የሚመስል ክፍል፣ ከልኩ የረዘመ ትራክ (መረጃው የሚጻፍበት ክብ መስመር)፣ በተነበበ ቁጥር የሚለዋወጥ መረጃ። ጌሙ ሲነሳ «ስህተቱ አለ?» ብሎ ያያል። በተለመደው መንገድ ከቀዳችሁት ስህተቱ ይቀራል፣ ጌሙም አይነሳም። ሙሉውን ምልክት ከያዛችሁ ግን ሁሉም ነገር አለ።

ሁለት ጊዜ አንብቡና ሁለቱን አወዳድሩ። መጠኑንም እዩ። የተለመደ የአምስትራድ ዲስክ አንድ ገጽ 40 ትራክ፣ በየትራኩ 9 ክፍል፣ ክፍሉ 512 ባይት ነው፤ ሲባዛ 184,320 ባይት። የኮሞዶር 64 ዲስክ ቅጂ 174,848 ነው። አሚጋ የሚባለው ኮምፒውተር ደግሞ 901,120። ቁጥሩ ካልገጠመ ወይ ጥበቃ አለው፣ ወይ ዲስኩ ተጎድቷል፤ ደግማችሁ አንብቡ። የሲፒሲ ድራይቭ ሄዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ዲስኩ እየተገለበጠ ነው የሚነበበው። «ጌሙ ኤ ገጽ ላይ ነው» ብላችሁ ቢ ገጽን አትተዉ።

ከእትዬ መሳቢያ የወጡት ዲስኮች ሁለት ነበሩ። አንዱ ሶርሰሪ ፕላስ፣ የታተመ ሌብሉ ከነቀለሙ። ከተትኩት፤ በመጀመሪያው ንባብ አንድም ስህተት ሳይኖር ወጣ። ጠንቋዩ ስክሪኔ ላይ ሲበር በቀለም ያየሁት ያን ቀን ነው። ከ30 ዓመት በላይ አረንጓዴ ነበር የሚመስለኝ።

ሌላኛው ላይ ጋሼ በእስክሪብቶ «ጌም» ብለው ጽፈዋል። ኤ ገጹ ላይ የተቀዱ ጌሞች ነበሩ። ቢ ገጹ ላይ ግን ታስወርድ በሚባለው መጻፊያ የተጻፉ ሰባት ፋይሎች አገኘሁ። የመጀመሪያውን መስመር ሳነብ ቆምኩ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። ጋሼ ከእንግሊዝ ለእትዬ የጻፉት ደብዳቤ። የቀረውን አላነበብኩም፤ የኔ አይደለማ። ሰባቱንም በኮፒ ቤቴ ማተሚያ አተምኳቸው፣ በፖስታ አሸግኳቸው፣ ቅጂውን በፍላሽ አደረግሁ፣ ሁለቱን ዲስኮችም ጨምሬ አዘዞ ወሰድኩ። ሰው ዲስኩን ሲያውሳችሁ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። የጌሙን ቅጂ አስቀሩ፣ ከሌሎች ሰብሳቢዎች ጋር ተካፈሉ። የግል ጽሑፍ ከመጣ ግን ለባለቤቱ መልሳችሁ ከራሳችሁ ማሽን ላይ አጥፉ።

እትዬ ላቲኑን ማንበብ አይችሉም። «አንቺው አንብቢልኝ» አሉ። አንዱን አነበብኩላቸው። የሊድስን ብርድ ይናገራል፤ ሽሮ እንዲላክላቸው ይጠይቃል። እትዬ እስኪያልቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አዳመጡ። «ይኼ ደርሶኝ ነበር» አሉ ሲጨርሱ። «ወረቀቱን ክረምት አበላሸብኝ እንጂ።»

ቡናው እስኪፈላ ዝም ብለን ተቀመጥን። ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብለው አዩ።

«ልጄ፣ ኮርኒሱ ላይ አንድ ካርቶን አለ። የሱ ነው። ቅዳሜ መሰላል የሚይዝልሽ ሰው ይዘሽ ነይ።»